ከቅጹ በፊት ደብተሩን ግለጡ

ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት ሆናት። ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር። ወንበሯም የደንበኛ ናት፤ እኔ ቆሜ ነው የምውለው። በዚች ቤት ያላየሁት የተማሪ ወረቀት የለም። የ10ኛ ክፍል ካርድ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የዲፓርትመንት መምረጫ፣ የዊዝድሮዋል (ትምህርት ማቋረጫ) ማመልከቻ። ልጆቹ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ፊታቸውን አያለሁ። ሳልጠይቅ ብዙ ነገር ገብቶኛል።

ግንቦት ላይ እናቶች ይመጡና "እትዬ፣ ልጄ 10ኛን ሊጨርስ ነው፤ ናቹራል ይግባ ሶሻል?" ይሉኛል። እኔ መምህር አይደለሁም። ግን ሁለት ልጆቼን በዚህ ምርጫ አሳልፌያለሁ። አንደኛውን አበላሽቼበታለሁ። የምጽፈውም በእሱ ስለተማርኩ ነው።

ስለ በኩር ልጄ ልንገራችሁ። ገና 8ኛ ክፍል ሆኖ፣ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ውስጥ አጽማቸው ያረፈውን ነገሥታት በስም ይጠራ ነበር። ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ ፋሲለደስ። እራት ላይ ሳይቀር። እኔ "እሱን ተወውና ፊዚክስህን አጥና" እለዋለሁ። የክፍሉ ስድስተኛ ነው። ጎበዝ ልጅ ደግሞ ናቹራል ነው የሚገባው። ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን ያውቀዋል። በ2013 ቅጹ ቤት ሲመጣ የሞላሁት እኔ ነኝ። በገዛ እስክሪብቶዬ።

11ኛ ክፍል ፊዚክስ ሲከብደው ማጠናከሪያ አስገባሁት። ኬሚስትሪ ሲከብደው ሌላ ማጠናከሪያ። በሁለተኛው ሴሚስተር "እማዬ፣ ሶሻል ልቀየር" አለኝ። ትምህርት ቤት ሄጄ ስጠይቅ ጊዜው አልፏል ተባልኩ። 12ኛን ተፈተነ። ግማሹን አላመጣም። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እና ብቻውን አልወደቀም። እኔ ግን የራሴን እስክሪብቶ አልረሳም።

አሁን ወደብ ላይ እንግዳ ያስጎበኛል። ጀልባ ላይ ቆሞ ስለ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሥዕሎች ሲያወራ አንድ ቀን ተደብቄ ሰማሁት። እንግዶቹ ፎቶ ማንሳት ትተው እሱን ያዩታል። በቀጣዩ ጀልባ ተመልሼ መጣሁ፤ ያየሁትን አልነገርኩትም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ።

መጀመሪያ ምርጫው ስለ ምን እንደሆነ እንወቅ። ብዙ ወላጅ "ናቹራል ወይስ ሶሻል" ሲባል ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ይመስሉታል። አይደሉም። አሁን የ12ኛ ክፍል ፈተና ስድስት ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ለሁለቱም አለ። ልዩነቱ ቀሪዎቹ ሦስት ናቸው። ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። ሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ። በቃ። ልጃችሁ የሚመርጠው ሦስት በሦስት ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ የትም ቢሄድ ይከተሉታል።

ይህን በተለይ ከሒሳብ ለሚሸሹ ልጆች ንገሯቸው። በየዓመቱ "ሒሳብ ስለማልችል ሶሻል" የሚል ልጅ አያለሁ። ሒሳብ ሶሻልም ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ እዚች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ "እትዬ፣ ከሒሳብ ልሸሽ ሶሻል ገባሁ፤ ካልኩለስ ዲፓርትመንት ውስጥ አገኘኝ" ብሎኛል። እየሳቀ ነበር የነገረኝ። የሚያስቀው ግን ብዙ አልነበረም። ሒሳብ የሚቸግረው ልጅ ሒሳብ ነው ማስጠናት፤ መስክ መቀየር መድኃኒቱ አይደለም።

አሁን ወደ ደብተሩ።

ታናሿ ልጄ 2017 ላይ 10ኛን ስትጨርስ ያደረግኩት ይህ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና እየተፈላ፣ "የሁለት ዓመት ደብተሮችሽን በሙሉ አምጪ" አልኳት። ምንጣፉ ላይ ደረደርናቸው። እኔ ከወረቀት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ የተገለጠ ደብተር ይታወቃል። ጥጉ ይጠቀለላል፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ ይጠቁራል፣ ውፍረቱ ይጨምራል። ያልተገለጠ ደብተር ዓመቱን ሙሉ እንደ አዲስ ይቆያል።

የፊዚክስ ደብተሯ ያምራል። ርዕሱ በቀይ ተሰምሮበታል፣ ጽሑፉ በሰማያዊ፣ ስርዝ ድልዝ የለውም። ጥጉ ግን ንጹሕ ነው። ከሰሌዳ ተገልብጦ የተዘጋ ደብተር። ቬክተር የሚለው ምዕራፍ ላይ የቤት ሥራው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ኖት ብቻ ነው። ካርዷ ላይ ፊዚክስ 88 ነው። እንዴት? መምህሩ ለደብተር አያያዝ ማርክ ይሰጣል። ልጄ 88 ያመጣችው ከፊሉን በቀይ እስክሪብቶ ነው።

የኬሚስትሪ ደብተሯ አስቀያሚ ነው። ስርዝ በስርዝ ላይ። አንድ ገጽ ላይ አንዲትን ቀመር ለማመጣጠን ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ ሰርዛለች። ዳር ላይ በራሷ እጅ "እንደገና" ብላ ጽፋለች። በአራተኛው ተስተካክሏል። ማንም አላዘዛትም፤ መምህሩም አላረመውም። ቀኑን አየሁት፤ ቅዳሜ ነው። ኬሚስትሪ 79 ነው።

ካርዱ ፊዚክስ ይላል፤ ደብተሩ ኬሚስትሪ። እኔ ደብተሩን አመንኩ።

የጂኦግራፊውን ከኋላ ስገልጠው የጣና ካርታ አገኘሁ። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ እየገቡበት፣ ዓባይ እየወጣ። ልቤ ድንግጥ አለ። ወዲያው "አሃ፣ ይቺም እንደ ወንድሟ ሶሻል ናት" ብዬ ወሰንኩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በበኩሬ ያጠፋሁትን በታናሿ ልካስ ስል እሷንም ልገፋት ነበር፤ አቅጣጫው ተቀየረ እንጂ መግፋቱ ያው ነው። ደግነቱ ጠየቅኳት። "መምህሩ ሲያሰለቸኝ ነው የሳልኩት" አለችኝ።

ስለዚህ ደብተሩን አብራችሁ ግለጡ። "ይሄ ለምን ቆመ? ይሄንን ለምን ደገምሽው?" በሉ። ሌላ ነገር አትጨምሩ። ቁጣ ከጀመራችሁ በሚቀጥለው እሑድ ደብተር አይመጣላችሁም።

ካርዱንስ እንጣለው ወይ? አይጣልም። አንድ ውጤት ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። የ9ኛንና የ10ኛን አራት ሴሚስተር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ውጤቱ ድንገት ከወረደ፣ መምህር ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። በእኛ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ትምህርቱ ሲቋረጥ ሲቀጠል ነው የከረመው። በተቆራረጠ ሴሚስተር የመጣ ማርክ ስለ ልጁ የሚናገረው ትንሽ ነው። ደረጃንም እርሱት። "የክፍሉ ስድስተኛ" ማለት ከጎኑ ካሉት ልጆች ጋር ሲነጻጸር ነው። ብሔራዊ ፈተና ላይ የሚነጻጸረው ከመላው አገር ልጆች ጋር ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ለሁለቱም መስክ እኩል ነው። የ2014ቱ ፈተና ውጤት ሲመጣ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኝ ያለፈው 30 ሺህ ገደማ ነበር። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። "ሶሻል ይቀላል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እነዚህን ቁጥሮች ንገሩት። የሚቀል በር የለም።

ቀጥሎ ልጁን ፈትኑት። ለፈተናው ሳይሆን ለትዕግሥቱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና የ9ኛንና የ10ኛን ትምህርትም ስለሚጠይቅ፣ ከድሮ ፈተናዎች ውስጥ ልጁ የሚችለው አይጠፋም። ከስድስቱም ትምህርት የተወሰኑ ጥያቄዎችን ሰበሰብኩ። ሁለት ሳምንት፣ በየማታው አንድ ሰዓት፣ አንድ ቀን ከናቹራል፣ አንድ ቀን ከሶሻል። መብራት የጠፋ ቀን ዘለልን። ስንት እንዳገኘች አልቆጠርኩም። የቆጠርኩት ሌላ ነው። ስትሳሳት ምን ታደርጋለች? ታሪክ ላይ ስትሳሳት መልሱን አይታ "እሺ" ብላ ታልፋለች። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ላይ ስትሳሳት መጽሐፍ ታመጣለች። ፊዚክስ ሲደርስ ውኃ ይጠማታል። ሁለት ጊዜ ተነሥታ ጠጥታለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ድመቷን ልታስወጣ። ድመቷ ውጭ ነበረች።

እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱን ትወዳለች፣ አንዱን ትሸሻለች። ብዙ ልጅ እንዲህ ነው። ሦስቱንም የሚወድ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ዝጉት፤ ችግር የለባችሁም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎትት በማስጠናት ይቻላል። ሁለቱ የሚጎትቱ ከሆነ ሌላኛውን ወገን እዩ። በኩሬን ሁለቱ ነበሩ የሚጎትቱት፤ እኔ ሁለት ማጠናከሪያ ከፍዬ ልገፋው ሞከርኩ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ልጆችንም ጠይቁ። እኛ ባሕር ዳሮች እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ፖሊ አለ፣ ፔዳ አለ፣ ዘንዘልማ እርሻው አለ፣ ጥበበ ግዮን ሐኪሞቹ አሉ፣ ግሽ ዓባይ ሕጎቹ አሉ። ግቢ ለመግባት መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ አትድከሙ። በር ላይ ያሉት ጁስ ቤቶች ይበቃሉ። ፍሬሽ ተማሪ አትጠይቁ፤ ገና ነው፣ ሁሉም ያምረዋል ወይ ሁሉም ያስለቅሰዋል። ሦስተኛ ዓመት የሆነ ፈልጉ። "መስክህ ጥሩ ነው?" ብላችሁም አትጠይቁ፤ ሁሉም "ጥሩ ነው" ይላል። እኔ የምጠይቀው "ከሃይስኩል ትምህርትህ አሁን በየቀኑ የምትጠቀምበት የቱ ነው?" ብዬ ነው።

አንድ የሲቪል ምሕንድስና ልጅ "ሒሳብ፣ ሒሳብ፣ ከዚያ ፊዚክስ" አለኝ። የነርሲንግ ልጅ "ባዮሎጂ፤ ግን ሌሊት አለመተኛትን ሃይስኩል አላስተማረኝም" አለች። የሕግ ተማሪው ጥያቄዬን ሰምቶ ኮፒ ሊያስነሳ ያመጣውን ክምር አሳየኝ። "ይሄንን እስከ ሐሙስ ማንበብ" አለ። ማንበብ የማይወድ ልጅ ካላችሁና ጠበቃ ሊሆን ነው የምትሉ ከሆነ፣ አንድ ቀን ያን ክምር አሳዩት። የመሬት አስተዳደር ተማሪዋ ደግሞ ካርታም ሕግም እንደምትማር ነገረችኝ። እኔ እስከዚያ ቀን መሬት አስተዳደር ማለት የማዘጋጃ ቤት ወረፋ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሥራውንም በዓይን ማየት ጥሩ ነው። ልጄን አንድ ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ወደሚያወርዱበት ዳርቻ ወሰድኳት። ለእራት ቆረሶ ዓሣ ልገዛ ነበር፤ ሌላ ዕቅድ አልነበረኝም። አንድ ወጣት ባለሙያ ዓሣውን አንድ በአንድ እያነሳ ሰሌዳ ላይ ይለካል፣ ይመዝናል፣ ሆዱን ከፍቶ ያያል፣ ይጽፋል። "ሆዱን ለምን ታየዋለህ?" አለችው። በየትኛው መጠን እንቁላል እንደሚይዝ ለማወቅ ነው አላት። የመረቡ ዓይን ከጠበበ ዓሣው ሳይወልድ ይያዛል፤ ሳይወልድ ከተያዘ ደግሞ፣ በኋላ የሚያዝ አይኖርም። እሱ ይለካል፣ እሷ ቁጥሩን እየደገመች ትነግረዋለች፣ እሱ ይጽፋል። አንድ ሰዓት ቆመች። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ሁለት ደቂቃ የማትቆም ልጅ። ጫማዋ ረጥቦ፣ እጇ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ነው የተመለስነው።

ዘመድ ላይ ስንመጣ፣ ይህ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አባቷ ሹፌር ነው፤ ከልቡ ዶክተር እንድትሆንለት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው አጎቷ ደግሞ በስልክ "ኮምፒውተር ሳይንስ! ሌላ እንዳታስገቧት!" ይላል። የጎረቤቴ ልጅ ሶሻል ሲገባ ሰው ሁሉ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው "አይዞሽ" እያለ ነው ቤቷ የገባው። እኔ አንድ ዘዴ አግኝቻለሁ። ዘመድ "ምን ትሁን" ሲላችሁ፣ ስልኩን ለልጁ ስጡት፤ ልጁ ደግሞ "ጋሼ፣ አንተ በቀን ውስጥ ምንድን ነው የምትሠራው?" ብሎ ይጠይቅ። ሰው ስለ ራሱ ሥራ ሲያወራ እውነቱን ያወራል። አጎቷ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሃያ ደቂቃ አወራላት፣ ግማሹ ምሬት ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስን ከዚያ በኋላ አላነሣትም።

ለአባቷ የነገርኩት ሌላ ነው። ናቹራል መግባት ማለት ሕክምና መግባት ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ሁሉም ይማራል። ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከዚያ ወዲህ በምርጫና በጂፒኤ (በአማካይ ውጤት) ነው። በየዓመቱ አንደኛ ምርጫው ያልደረሰው ልጅ እዚህ ቆሞ ሲያለቅስ አያለሁ። ስለዚህ ልጁ በአንድ ዲፓርትመንት ብቻ ተማምኖ መስክ አይምረጥ። "ሕክምና ባይደርስህስ? ሁለተኛና ሦስተኛ ምንድን ነው?" በሉት። ሦስት የሚወደው ከአንድ ወገን ካልወጣለት፣ መስኩ የእሱ ላይሆን ይችላል። በተቃራኒው ግን ሕክምና ወይም ምሕንድስና የምር የሚፈልግ ልጅ ካለ በሩ ናቹራል ነው፤ ሶሻል ገብቶ እደርሳለሁ ብሎ ራሱን አያታልል።

የጓደኛ ነገር አጭር ናት። "ጓደኛዋ የት ትገባለች?" ብላችሁ እወቁ፤ ከዚያ "እሷ ትምህርት ቤት ብትቀይርስ?" በሉ። ለጥያቄው የምትወስደው ጊዜ ራሱ መልስ ነው። የእኔዋ ሦስት ቀን ፈጀባት።

ደግሞ ምርጫው ከተሳሳተስ? ቶሎ። 11ኛ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ "ዛሬ ምን ተማርክ" ሳይሆን ደብተሩን እዩ፤ ያንኑ የእሑዱን ነገር። ጥጉ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ፣ ነገ ሳትሉ ራሳችሁ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ዳይሬክተሩን አነጋግሩ። እኔ "ይለምደዋል" እያልኩ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ጠበቅኩ። ለዚህ ነው ጊዜው አልፏል የተባልኩት።

የልጄ ቅጽ ሰኔ ላይ መጣ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላትና ወጥ ላማስል ገባሁ። ስመለስ ናቹራል ላይ ምልክት አድርጋለች። ፊዚክሷን ከቬክተር ጀምሮ በክረምቱ ደገምን፤ አሁን 11ኛ ናት፣ ውኃ የሚጠማት ቀንሷል። እኔ የፈረምኩት ከታች ባለው የወላጅ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀረ፣ የሙያዬ ስለሆነ። ቅጹን ከመመለሳችሁ በፊት ኮፒ አስነሡ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ የሞላችው ሶሻል፣ ስሟ የተለጠፈው ናቹራል ዝርዝር ላይ ነበር። የሞላችውን የሚያሳይ ወረቀት እጇ ላይ ስላልነበረ ሁለት ሳምንት ተመላለሰች። እኔ ለልጄ ሁለት ኮፒ አነሣሁ። አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ሌላኛውን እሷ ኬሚስትሪ ደብተሯ ውስጥ አስገብታዋለች፤ ጥጉ መጠቅለል ጀምሯል።